ጠዋት የምታኮርፈዋ

እህቴ እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው ለሥራ ብላ ነው። ትዳሯን እንደሚያምሰው ማንም አልነገራትም።

ባሏ የማተሚያ ቤት መካኒክ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ግራሶ የጠጣ እጁን በሳሙና ሲፈትግ ስልኩ ጮኸ። እሷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ደዋዩ ፈረንጅ አለቃው ነበር። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፤ የገባትን ያህል እንዲህ ይላል፦ «አንተ ከሄድክ ወዲህ አኩርፋለች። ሌላ ሰው ሲነካት አሻፈረኝ ትላለች። ጠዋት በጊዜ ናላት።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ባል።

«ማናት?» አለች እህቴ።

«ማሽኗ ናታ።»

«ማሽን ኢት ነው። ሺ የሚባለው ለሴት ነው። ፈተና ወድቄበታለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አለቃዬን ላርመው?»

በማግስቱ አስተማሪዋን ጠየቀችው። «ዕቃ ሺ አይባልም» አለ። ጥቂት አሰበና «መርከብ ግን ይባላል» አለ። «መኪናም የሚሉ አሉ። አገርም።»

«የማተሚያ ማሽንስ?»

«ባለቤቱ ከወደዳት። ግን አትጨነቂ፣ ፈተና ላይ አይመጣም።»

«ፈተና ላይ አይመጣም፤ ቤቴ ግን መጥቷል» አለችኝ። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያገኘናት ሴት አንዲት ወረቀት ቆራጭ ብቻ ነበረች። እናታችንን ታክላለች፤ ጥርጣሬያችን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። እሷም ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ እያዳመጣት ነው» አለችን።

ለካ እዚያ ቤት ማሽኗ ሳትደመጥ አትነሣም። አንዱ ሠራተኛ መዘውሯን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ የእህቴ ባል ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ሌላው ሁሉ ትንፋሹን ውጧል።

«አይዞሽ» አላት ማሽኗን። «የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

እህቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ክረምቱን ሙሉ «ወገቤን» ስትለው «ውሃ ጠጪ» ያላት ይኸው ሰው ነው።

መንገድ ላይ «በቃ፣ ዕቃ ናት» አልኳት።

«አየሁ።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«እንጃ። ሴት ብትሆን ፀጉሯን ነጭቼ እመለስ ነበር። ይህቺን ምን ብዬ ልጣላት? ጭራሽ አሳዘነችኝ እኮ።»

ማታ እኔም እነሱ ጋ አመሸሁ። ባል ገባ፤ እጁን በሳሙና እየፈተገ ፊቷን አየ። ሲያቆላምጣት እንደ ወንድ ነው የሚጠራት።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ነው ያኮረፍከው?»

«ወገቤን» አለች።

ሳሙናውን አስቀመጠ። አሁን ጆሮውን ሊለጥፍ ነው ብዬ መቀመጫዬን ሸሸት አደረግሁ።

«ውሃ ጠጣ» አላት፤ በጣም በፍቅር።

ሊቆጡት አይመች፣ ሊያመሰግኑት አይመች። እህቴ ተነሥታ ውሃ ቀዳች። ከዚያ ለማን እንደቀዳች የጠፋት ይመስል፣ ብርጭቆዋን ይዛ ማድ ቤቱ መሃል ቆመች።