የደረት ቱቦ

አለምወርቅ የሰው እግር አትጸየፍም። በስደት አገር፣ ቤሪያ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍቱ ከሞተ ዓመታት ባስቆጠረ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ ሺያትሱ የሚባለውን የጃፓኖች የእጅ ሕክምና ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ባለሱቅ ካልሲ፣ ላብ የጠጣ ሸሚዝ፣ ኮሮና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሦስት ሳምንት ውሃ ያልነካው ማስክ፣ ሁሉንም አሽትታለች። እሷን የሚያቅለሸልሻት ሌላ ነው፤ ሳያውቅ እጁን በሰው ገላ ላይ የሚጭን ሰው።

ሙያውን ያስተማረቻት ኬይኮ የምትባል አሮጊት ጃፓናዊት ነበረች። በሺያትሱ ልብስ አይወለቅም፣ ዘይት አይቀባም፣ አጥንት አይንቋቋም። በልብሱ ላይ በአውራ ጣትና በመዳፍ ቀስ ብሎ ዘንበል ማለት ነው። የሚነካው ነጥብ «ጹቦ» ይባላል።

«ጹቦ በኛ ቋንቋ ገንቦ ማለት ነው» ብላት ነበር ኬይኮ። «ገንቦን አትጫኚውም። አፉ ላይ እጅሽን አሳርፈሽ ታዳምጪዋለሽ እንጂ።»

ይህችን ቃል አለምወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምታስተምራቸው ዘጠኝ ተማሪዎች ስትነግር ግን የአንዱም ምላስ አልዞር አለ። ሁሉም «ቱቦ» አሉ። ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ስለ ገንቦው ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ ሳቁ ጣፈጣትና ተወችው።

ከተማሪዎቹ አንዱ አጵሎስ ነው፣ ዲፕስሉት ሰፈር የነበረውን፣ ስፓዛ የሚሉትን አነስተኛ ሱቁን ዘራፊ ባዶ ያስቀረበት የሆሳዕና ሰው። ስድስት ቅዳሜ ተምሮ ጠፋ። በሎክዳውኑ ሁለተኛ ዓመት ማስታወቂያው በየስልኩ ይዞር ጀመር፤ «በኮሮና የተደፈነ የደረት ቱቦ በጃፓን ዘዴ እንከፍታለን!» አለምወርቅም ደረሳትና አነበበችው። ለማንም ሳትናገር አጠፋችው። ማን ያምነዋል ብላ ነበር።

ያመኑት ጋሽ ፋንታሁን ሆኑ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ናቸው፤ ሦስት ሳምንት በኦክስጅን ተኝተው፣ ሳንባቸው ገና ሳይድን ከሆስፒታል የወጡ ሰው። አለምወርቅ ትንፋሻቸውን እንደምትመልስላቸው ለባለቤታቸው ለሮሃ ቃል ገብታለች። በየሁለት ቀኑ መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳርፋ አብራቸው ትተነፍሳለች፤ እሳቸው ግን ተሰላችተዋል።

«አለምዬ፣ አንቺ እኮ እንደ ቄስ እጅሽን ታሳርፊያለሽ። ምንም አይሰማኝም» ይሏታል።

«ጋሼ፣ እንዳይሰማዎት እኮ ነው።»

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሮሃ ደወለች። «አለም፣ ድረሺልኝ! አጵሎስ ጋ ሄደልሽ!»

አለምወርቅ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሁለት መንገድ ሮጠች። የአጵሎስን በር ስትገፋው ሽታው ፊቷን መታት። የምግብ ዘይት፣ ቪክስ፣ የሰው ላብ፣ በዚያ በኮሮና ዘመን መስኮቱ ድርግም! መደርደሪያው ላይ የማዮኔዝ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ማዮኔዝ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ቢጫና አረንጓዴ የሰው አክታ ነው፤ በየጠርሙሱ የባለቤቱ ስምና ቀን ተለጥፎ፣ ከላይ ደግሞ «ከቱቦ የወጣ» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ጠርሙስ ክዳን እንኳ አልነበረውም። ወደ ፍራሹ ዞረች።

ጋሽ ፋንታሁን ሸሚዛቸውን አውልቀው በደረታቸው ተደፍተዋል። ጀርባቸው በዘይት ያብረቀርቃል። አጵሎስ ማስኩን አገጩ ሥር ሰብስቦ፣ ጉልበቱን በሁለቱ ትከሻቸው መሀል ተክሎታል።

«ጉልበትህን አንሳ!»

«ቲቸር! እንኳን መጡ» አለ ፈገግ ብሎ። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ሊለቅ ነው» ብሎ ሙሉ ክብደቱን ጣለ።

ቀጭ አለ። ጋሽ ፋንታሁን አልጮሁም፤ የሚጮሁበት ትንፋሽ አልነበራቸውም። አለምወርቅ አጵሎስን ገፍትራ ጣለችው፤ ሽማግሌውን በጎናቸው አስተኝታ አምቡላንስ ጠራች። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዘይቱ እጇን ቢያሟልጫትም አልለቀቀቻቸውም።

«አንተ አውሬ፣ ማነው እንዲህ ያስተማረህ?»

አጵሎስ ከልቡ ተከፋ። «ምነው ቲቸር? እርስዎ አይደሉ እንዴ?» ስልኩን አውጥቶ ነካካው። የቅዳሜውን ትምህርት ቀድቶት ኖሯል።

«በቃ ቱቦ በሉት!» አለ የአለምወርቅ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እየሳቀ። «ያው የተደፈነ መክፈት አይደል!» ከዚያ የሁሉም ሳቅ።

አለምወርቅ አጵሎስን ጠልታው ነበር፤ ያን ሳቅ ግን ከሱ አብልጣ ጠላችው። ከጠርሙሶቹ ሁሉ ይልቅ የዘገነናት የራሷ ሳቅ ነበር።

ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሯል፤ ጋሽ ፋንታሁን ወደ ኦክስጅኑ ተመለሱ። በኮሮና ምክንያት ጠያቂ አይገባም። ሮሃ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ አለምወርቅን ቀና ብላ አላየቻትም። አለምወርቅም ከዚያው ሆና ለዘጠኙ ተማሪዎቿ የስልክ ግሩፕ ድምፅዋን ቀድታ ላከች።

«ቱቦ አይደለም። ጹቦ ነው፣ ገንቦ ማለት ነው። የሚከፈት ነገር የለም፣ ሰው ይሰበራል። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። እንደገና እስካስተምራችሁ ድረስ ማንንም እንዳትነኩ።»

ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ ይገባ ጀመር። አንድም ቃል የለበትም፤ ወደ ላይ የተቀሰረ ቢጫ አውራ ጣት ብቻ። አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት አውራ ጣት። ዘጠነኛው አጵሎስ ነበር፤ እሱ ግን ጻፈ።

«ሻርፕ፣ እሺ ቲቸር። ጋሼን እግዚአብሔር ይማርልን። ማስታወቂያውን ‹ገንቦ እንከፍታለን› ብዬ አስተካክዬዋለሁ።»