በስሟ ትይዩ የተጻፈው ቃል

ጨርቅ ቆራጯ ወረቀቱን ያየችው ሳታስበው ነው። ከስፌት ቤቱ ባለቤት ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ሜትር ልታነሳ ጎንበስ ስትል የሠራተኞቹ ስም ተደርድሮ አየች። ከላይ በእንግሊዝኛ «ዶሚናንት» ይላል። በሁሉም ስም ትይዩ «ራይት»፤ በእሷ ብቻ «ሌፍት»።

ቀጥ ብላ ልብስ ተኳሹ ዘንድ ሄደች። ወሬው ውስጥ እንግሊዝኛ ጣል ጣል ስለሚያደርግ «ፕሮፌሰር» ይሉታል።

«ዶሚናንት ምንድን ነው?»

«የበላይ። ሰው ላይ የሚጫን፣ እኔ ያልኩት ካልሆነ ባይ።» ካውያውን አቆመ። «ማንን ነው እንዲህ ያሉት?»

«ሌፍትስ?»

«ለቀቀች።»

«ራይት?»

«ትክክል። ልክ እንደ እኔ።»

እንግዲህ ሌላው ሁሉ ትክክል ነው፤ እሷ ግን ሰው ላይ ተጭና ለቃለች! በእግሯ ሳትወጣ በወረቀት አስወጥተዋታል። አዎ፣ ትቆጣለች። ጨርቅ አጣሞ የሚዘረጋ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። ግን ይህ ያስባርራል?

ከዚያ ወዲያ ሰላምታው ሁሉ ነገር ያለበት መሰላት። ትናንት እትዬ «እስኪ እጅሽን» ብለው፣ አውራ ጣቷ ሥር ያለውን ቁስል አገላብጠው አይተው ሄደዋል። ዛሬ ደግሞ «እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት?» አሏት። እመቤት! ይቺ ነገር ናት። ልብስ ሰፊዎቹ ሲንሾካሾኩ ጆሮዋ ይቆማል።

ሁለት ቀን ጠባይዋን አሳመረች። «ወንድሜ፣ ካልከበደህ ጨርቁን ብትዘረጋልኝ?» ስትለው ፕሮፌሰር ደንግጦ አያት።

«አሞሻል እንዴ?»

በሦስተኛው ቀን እትዬ ካርቶን ታቅፈው መጡ።

«ነይ እስኪ፣ ይሄ ያንቺ ነው።»

ዕቃዬን ጠቅልለውልኛል፣ አለች በልቧ። ከዚህ በላይ አላስቻላትም።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው በወረቀት አይሸኝም! ተጭኜባቸው ከሆነ ፊት ለፊት ይንገሩኝ!»

«ማን ሸኘሽ ደግሞ?»

«ዶሚናንት፣ ሌፍት! በዓይኔ አይቻለሁ!»

እትዬ አፋቸውን ያዙ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«የመቀስ ማዘዣ እኮ ነው! ቃሉ ለሰው ሲሆን ያልሽው ይሆናል። ለእጅ ሲሆን ግን የሚቀናሽ፣ የምትበረታው እጅ ማለት ነው። ራይት ቀኝ፣ ሌፍት ደግሞ ግራ። የቀኝ እጅ መቀስ አይደል እንዴ ጣትሽን የጨረሰው?»

አላመነችም። ካርቶኑን ራሷ ቀደደችው። መቀሱን አገላበጠች፣ ስለቱን በጥፍሯ ሞከረች፣ በግራ እጇ ይዛ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አሳረፈችው። ቁስሏን ሳይነካ ጥርት አድርጎ ቆረጠው።

ፕሮፌሰር አንገቱን ደፍቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ እንደገና ይተኩሳል።

«አንተ ትክክሉ!» አለችው። «ና ጨርቅ ዘርጋ! አጣመህ እንዳላይህ!»