ለጌትነት የታተመች ቅጂ

የመጽሐፉ ገጾች የተተየቡባቸው የሰም ወረቀቶች፣ ስቴንስሎቹ፣ በዐዋጢፍ ታይፕ ቤት ውስጥ በሲባጎ ተሰቅለው እንደታጠበ ልብስ ይወዛወዛሉ። በዚያ ዘመን አሶሳ ላይ መጽሐፍ የሚታተመው እንዲህ ነበር፤ ፈላጊ ሲመጣ፣ ወረቀቱንም ራሱ ይዞ ሲመጣ። ከተማዋ የአዲሱ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ማመልከቻ የማያስጽፍ ሰው ጠፍቶ ዐዋጢፍ ከታይፑ ቀና የምትልበት ፋታ የላትም። ቢሆንም አንዱ መጥቶ «የየሻውን መጽሐፍ» ያላት እንደሆነ ስቴንስሎቹን በየተራ ታወርድና ማባዣው ላይ አልብሳ እጀታውን ታዞራለች። ለአንድ ሰው አንድ መጽሐፍ።

መጽሐፉ የሻው በሰፈራ ሲመጣ ወሎ ትቶት ስለመጣው አገሩ ስለ ጥድ አምባ ነው። የማሳዎቹን ስም፣ ምንጮቹን፣ ቤቶቹን ከነባለቤቶቻቸው ጽፏል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች የአባቶቻቸውን ደጅ እንዳያጡት ብሎ። የወደዱት ግን ከልጆቹ ይልቅ ትልልቆቹ ናቸው። ባምባሲ ገበያ ላይ አንዱ ሲያነብ ሌላው «የኛ ቤት ከግራሩ በታች ነው እንጂ» እያለ ሲሟገተው መስማት ለየሻው ከጠጅ ይጥመው ነበር።

አንድ ዕለት ጠዋት ዐዋጢፍ ልካበት መጣ።

«ኡስታዝ» አለችው፣ መምህር ማለቷ ነው፣ ገና ደጅ ላይ እንዳለ፤ «ይሄ ሰውዬ ከፓዌ መጣ። መጽሐፍ ይፈልጋል። ግን አንድ ገጽ ይስተካከል ይላል። እኔ ያለ ኡስታዝ አልነካም አልኩ።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ጸጉሩ ሸብቷል። በቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን ያችው ናት፤ በልጅነታቸው በወንጭፍ የፈነከተው ራሱ የሻው ነው። የሻው መቃኑን ያዘ። ሰው ካልሞተ ይገናኛል ይባላል፤ የሞተ ሰው ሲገናኝ ምን እንደሚባል ግን የነገረው አልነበረም።

በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ፣ ሰው ከደሴ መጠለያ በየመኪናው ሲጫን፣ ይኸው ጌትነት በንዳድ ተይዞ ድንኳን ውስጥ ቀረ። ቆይተው የመጡ ሰዎች «የዚያ ድንኳን ሰው አልቋል» አሉ። ሬሳውን ያየ የለም፤ ያን ጊዜ ግን በሌላ መኪና የተጫነ ሁሉ እንደሞተ ይቆጠር ነበር። እዚሁ አሶሳ፣ ገና ጫካው ሳይመነጠር፣ ያችኑ ራሽን አዋጥተው ተዝካሩን አወጡለት። ሚስቱ ውድነሽ ከል ለበሰች። ከዓመታት በኋላ ከሏን ስታወልቅ ያገባችው የሻውን ነው። መጽሐፉም «ጌትነት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱ ከምንጩ በላይ ነበረ» ይላል።

ሊወስዳት መጣ፣ አለ የሻው በልቡ። ቢሆንም መቃኑን ለቆ ወደ እሱ ሮጠ።

ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

«አያ ጌትነት» አለ የሻው።

«ቤቴን አሳምረህ ጽፈኸዋል» አለ ጌትነት። «የደጄን ድንጋይ እንኳ አልረሳሃትም። እኔን ፓዌ ጣሉኝ። የናንተ መኪና ገደል ገባ ብለውኝ ያንተንም የእሷንም ተዝካር አውጥቻለሁ። አሁን አንድ ክልል ሆናችሁ ተብለን ለስብሰባ ስንጠራ፣ ከናንተ ዘንድ የተመለሰ ሰው መጽሐፍህን ይዞ መጣ። አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ሞቻለሁ የሚለው ላይ ደረስኩ።»

«ውድነሽ . . .» ብሎ የሻው ጀመረ።

«ሰምቻለሁ። ከማን ጋር እንደሆነች ስሰማ ልቤ ዐረፈ።» ጌትነት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አሽከረከረው። «እኔም ሚስት አለኝ፤ ልጆች አሉኝ። ልጆቼ ፊደል ቆጥረዋል። አባታቸው ሞቷል የሚል መጽሐፍ ቤቴ እንዴት ይቀመጥ? ለኔ በምታትማት ቅጂ ብቻ በሕይወት አኑረኝ። በሌላው እንደሞትኩ ልቅር።»

«እሷንስ ምን ልበላት?»

«ንገራትም አልልህ፣ አትንገራትም አልልህ። እሱ ያንተ ነው።»

ዐዋጢፍ አዲስ ስቴንስል አስገባች። የሻው ቃል በቃል አስጻፋት፦ «ጌትነት፣ ቤቱ ከምንጩ በላይ ነበረ። ዛሬ ፓዌ ይኖራል።» እጀታው ዞረ። የመጀመሪያው ቅጠል ወረቀት እንደተለመደው ቀለም በልቶት ወጣ፤ ሁለተኛው ጠራ። ጌትነት መጽሐፉን በጋቢው ውስጥ ሸጉጦ የሻውን ትከሻ ሳመና ወደ ስብሰባው ሄደ።

«ኡስታዝ፣ ይሄ ገጽ ሁለት ሆነ» አለች ዐዋጢፍ። «ለሌላው ሰው የትኛውን ላውጣ?»

የሻው አሮጌውንም አዲሱንም ስቴንስል አንሥቶ አያቸውና እጇ ላይ አኖራቸው። ዐዋጢፍ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሰቀለቻቸውና የተበላሹትን ቅጠሎች እንደ ልማዷ ጠቅልላ ሰጠችው። ውድነሽ የጭቃ ግድግዳዋን የምታለብሰው በእነሱ ነው፤ ጓዳው ገና አላለቀም።

መንገድ ላይ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጠና «ዛሬ ፓዌ ይኖራል» የምትለውን የተበላሸች ቅጠል ከጥቅሉ አወጣት። ቀዶ ሊጥላት አሰበ። መልሶ ከተታት። ደግሞ አወጣት። አገሩን እንዳይረሳ ብሎ የጻፈ ሰው፣ አንዱን ሰው እያወቀ ሊቀብር ነው። አፈረ። ሚስቱን ደግሞ ይወዳታል። ሲነሣ ቅጠሏን ከሁሉ በላይ አድርጎ ጠቀለላት።

ውድነሽ የዱቄት ሙጫዋን አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከቻለች ወዲህ ሳታነብ የምትለጥፈው ወረቀት የለም።

«ዛሬ ደግሞ ማን ወሰደ?» አለችው እጇን እየጠራረገች።

ጥቅሉን ዘረጋላት። ተቀብላው በር ላይ፣ ብርሃኑ ዘንድ ተቀመጠች፤ ጣቷን ቀለም በተዘራበት መስመር ሥር እየጎተተች ፊደሎቹን አንድ በአንድ መጥራት ያዘች። «ጌት . . . ነት . . .» «ከምንጩ በላይ» የሚለውን አለፈች። ከዚያ «ይኖራል» ላይ ጣቷ ቆመ።

የሻው የሙጫውን ጣሳ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ጣቷን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሰችና ዳግመኛ አነበበችው። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ፦

«ይቺንስ የት ልለጥፋት?» አለችው።