ሁለተኛው ተጧሪ

አምፖንሳ ግብር ሲቆረጥበት ዝም ብሎ የኖረ ሰው ነው። ዶርማ ከተማ ውስጥ በአንድ የዶሮ እርባታ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ መንግሥት ድርሻውን ያነሳል፣ እሱም ከዚያ በላይ ማወቅ ፈልጎ አያውቅም። ዘንድሮ ግን አንድ የሥራ ባልደረባው፣ አረጋዊ ዘመድ የሚጦር ሰው ቅጽ ከሞላ ግብሩ እንደሚቃለልለት ነገረው። ሠርግ ያሰበ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ አያልፈውም።

የግብር ቢሮ ሠራተኛዋን አዶማን በጥያቄ አደረቃት። የአባት ታናሽ ሚስት ትቆጠራለች? ዘመድ ያልሆነች፣ ግን ማታ ማታ ለእራት የምትመጣ ጎረቤትስ? ሽማግሌው የራሱ ፍየሎች ቢኖሩትስ? አዶማ ሁሉንም ታግሣ መለሰችለትና፣ መጨረሻ ላይ የሚመዘገቡት ሁለት አረጋውያን ብቻ እንደሆኑ ነገረችው። ከአምፖንሳ ወገን ሁለት ሽማግሌ መምረጥ ማለት ከቀሩት ጋር ዕድሜ ልክ መቀያየም ማለት ነው። አውጥቶ አውርዶ እናቱን ጻፈ። ከሷ ቀጥሎ የእናቱን ወንድም፣ ዎፋ ደንኮርን ጻፈ። ወሬው እንዳይወጣ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለራሳቸው ለዎፋም ጭምር። ይሄን ያህል የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይሳሳታል?

በነአምፖንሳ አገር ዎፋ የሚባለው የእናት ወንድም እኮ ቀልድ አይደለም። አባት ይወልዳል፤ የሚያወርሰውም፣ ሚስት የሚጠይቅለትም ዎፋው ነው። ዎፋ ደንኮር ኮኮዋቸውን እየሸጡ አምፖንሳን እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ይህንንም ጠየቃቸውም አልጠየቃቸው ለሁሉም ይናገራሉ። ለመጪው ቅዳሜ መጠጥ አስይዘው ሊያገባት የሚፈልጋትን የሰርዋን ቤተሰቦች በር ሊያንኳኩለት፣ ልጅቱን ሊጠይቁለት ቀን ተቆርጧል። ያለ ዎፋው የሚያንኳኳ ወንድ ደግሞ ዘመድ የሌለው ተብሎ ከደጅ ይመለሳል።

ማክሰኞ ለማጣራት ከቢሮው ለዎፋ ተደወለላቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያናግሩት ድምፁን ለመንደር ለቀው ነው፤ የተቀመጡት ደግሞ የዘንባባ ጠጅ ቤት ነበር። "እርስዎ የአቶ አምፖንሳ ተጧሪ ነዎት?" የሚለውን ጥያቄ ጠጪው ሁሉ ሰማ። አንድ የዕድሜ እኩያቸው፣ ተጧሪ ሰው ከኪሱ ማውጣት የለበትም ብሎ ሒሳባቸውን ከፈለላቸው። ዎፋ ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ማታውኑ ለአምፖንሳ መልእክት ደረሰው፦ ለቅዳሜ ሌላ ሰው ፈልግ።

በማግስቱ ማልዶ ደጃቸው ሄዶ ቢጠራ የሉም። ስማቸውን ሊያስፍቁ ግብር ቢሮ እንደሄዱ ሰማና እግሬ አውጪኝ ብሎ ተከተላቸው። ዎፋ የክት ልብሳቸውን ደርበው አዶማ ፊት ቆመዋል።

"ስሚ ልጄ፣" ይሏታል፣ "እኔ የማንም ተጧሪ አይደለሁም። ይሄንን ዛሬ የዶሮ ሐኪም የሚባለውን፣ ዶሮ ባየ ቁጥር እናቱ ቀሚስ ሥር ሲሸጎጥ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ተጧሪዬ እሱ ነው። ስሜን ፍቂና የሱን በኔ ላይ ጻፊ።"

አዶማ እውነት ካልሆነ እንደምትፍቀው ነገረቻቸው፤ ብቻ ለአረጋዊ እንደሚባለው ናና እያለች ጥቂት ነገር ጠየቀቻቸው። ናና የሚተዳደሩት በምንድን ነው? በኮኮዋ። ኮኮዋው ዓምና አፈራ? ዛፎቹን በሽታ ከጨረሳቸው መቆየቱን ዶርማ ሁሉ ያውቃል። የዓይናቸውን መድኃኒት ማን እንደሚገዛላቸው ስትጠይቃቸው ወለሉን ማየት ጀመሩ።

አምፖንሳ ያን ጊዜ ቅጹንም ግብሩንም ረገመ።

"አዶማ፣ ፍቂው፣" አላት። "እኔ ዎፋን አልጦርም። የበሉኝን ነው የምመልሰው... ማለቴ፣ ያበሉኝን። ግብሬን ሙሉውን እከፍላለሁ።"

ዎፋ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ አዶማ ዞሩ።

"ወረቀትሽ፣ ማን ማንን ቀድሞ እንዳበላ የሚጻፍበት ቦታ አለው?"

"የለውም ናና። የሚጠይቀው ያለፈውን ዓመት ብቻ ነው።"

"ያለፈውን ዓመት ከሆነማ ልጁ አልዋሸም።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ተይው፣ አትፍቂው። እስቲ ግን አንብቢልኝ።"

አነበበችላቸው። የእናቱ ስም ላይ ሲደርሱ ፊታቸው እንደገና ተኮሳተረ።

"እሷን ከኔ በፊት? ታላቅ ወንድሟ እኮ እኔ ነኝ!"

ቅደም ተከተሉ ለግብር ምንም እንደማይለውጥ አዶማ ልታስረዳቸው ሞከረች። ለግብሩ ባይለውጥም ለሳቸው ይለውጣል። ሌላ ቅጽ ወጣ፣ ዎፋ ደንኮር ከላይ፣ እህታቸው ከታች ተጻፉ፤ አምፖንሳም ፈረመ። ዎፋ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና በጣታቸው አንድ ባዶ መስመር ነኩ።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው ባዶ የቀረው?"

"እሱ የሚስት ነው። ሚስት ላላቸው።"

"እንዳትዘጊው። ቅዳሜ ሄደን እንጠይቃለን።"

አምፖንሳ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አዶማ ግን ፈገግ ብላ፣ ይሄ የዓምናው ስለሆነ እንደማይቻል፣ ሚስት የምትገባው በሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ እንደሆነ ነገረቻቸው።

"እንግዲያው የሚቀጥለውን አሁኑኑ ስጪኝ፣" አሉ ዎፋ እጃቸውን ዘርግተው። "የሰርዋን ስም ጽፌ ለቤተሰቦቿ ይዤላቸው እሄዳለሁ። እምቢ ካሉም ለመንግሥት ራሳቸው ያስረዱ።"