ባለኬዋ

«ሌላ ማካሮኒ ከመጣ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አለች ሮንዳ፣ በፎይል የተሸፈነ ትሪ አቅፋ የወጥ ቤቱን በር በዳሌዋ እየገፋች። «እማዬ፣ ፍሪጁ ሞልቷል እኮ። ይኼን የት ላድርገው?»

«የማነው?»

«ስም የለውም።»

«እንግዲያው የሚስዝ ፒንክኒ ነው። እሷ ትሪዋ ላይ ስም አትጽፍም፤ ማካሮኒዬን የማያውቅ የለም ባይ ናት» አለች ቨርኔል። «ሂጂ፣ ጋራዥ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው።»

«ጋራዡን ሃርላን ይዞታል። መኪናውን እያጠበ ነው።»

ቨርኔል የያዘችውን ፎጣ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «ዛሬም መኪና! ሰውየው ሞቶ እንኳ መኪና!»

አይፈረድባትም። ባሏ ተርማን ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ፖንቲያክ ከተማ ውስጥ ያለ ምእመንም ሜካኒክም ትሪውን ይዞ ወደዚህ ቤት ይጎርፋል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፤ እስከዚያ ሳሎኑ ከሰው አይለይም። ታዲያ ሰዉ ቨርኔልን አቅፎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልና ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ስለ መኪናው ይጀምራል። ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጦ ስለ ካርቡሬተር የሚሟገት ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኛ ከተማ ብቅ በሉ። መኪናው ጂቲኦ የሚሉት የሰባ ዓመተ ምሕረት ሥሪት ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ተርማን ካደሳቸው መኪኖች ሁሉ ሳይሸጥ ያስቀረው እሱን ብቻ ነበር። ተርማን አባል የነበረበት የአሮጌ መኪና ክለብ ሰዎች ቅዳሜ ከፊት ሆኖ አስከሬኑን የሚመራው ይኸው መኪና ይሁን ብለው ወስነዋል። ሚስቱን የጠየቃት የለም።

«እኔ እዚህ ቤት ሁለተኛ ሚስት ነበርኩ» አለች ቨርኔል፣ ሳሎን ያሉት እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመጀመሪያዋ ጋራዥ ናት፤ እየታጠበች።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? ዋሸሁ?»

አልዋሸችም። ተርማን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርሱን በቆመበት ይጎርስና ይጠፋል። አሮጌ መኪና ባለበት ሁሉ እሱ አለ፤ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ፣ የገበሬ ጎተራ፣ የጨረታ ሜዳ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቨርኔልም አብራው ትሄድ ነበር። የሚያደርገው ነገር ግን ግራ ገባት። የሞተሩን መክደኛ፣ ኮፈኑን፣ ይከፍታል። በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ባለው የብረት ግድግዳ ላይ የእጅ ባትሪውን ያበራል። ጎንበስ ብሎ ያይና «አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሞተሩን አይነካ፣ ዋጋ አይጠይቅ። ሻጮቹ ከኋላው ይሰድቡታል። «ምን ጠፍቶህ ነው?» ስትለው «እንዲያው ነው» ይላታል። ለተርማን ወሬ አይሆንለትም። በሠርጋቸው ቀን እንኳ «አዎ» ያለው ፓስተሩ ሁለቴ ጠይቀውት ነው።

አረንጓዴውን ከኦሃዮ በተጎታች ጭኖ የመጣ ዕለት የጋብቻ በዓላቸው ነበር። እራቱ ቀዝቅዟል፤ ቨርኔልም አዲሱን ቀሚሷን አውልቃ ጋደም ብላለች። በሩ ላይ ቆመና «ነይ እስቲ፣ ኮፈኑን ክፈቺው» አላት። ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኖ ነበር። «እኔ ወጣትነቴ ያለቀው ኮፈን ሥር ነው። ራስህ ክፈተው» አለችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ይላታል፤ «አንድ ቀን ኮፈኑን ብትከፍቺው ምን አለ?» እሷም እልኸኛ ናት። ያንን ኮፈን ላትከፍት ለራሷ ማለች፣ መሐላዋንም ጠበቀች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከኦሃዮ መጣ። ዊላርድ ይባላል፤ አሮጌ መኪና ነጋዴ ነው፣ በታደሱ መኪኖች ውድድርም ላይ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ከዘራውን ተደግፎ ሳሎኑን አቋረጠና ኮፍያውን አውልቆ ቨርኔል ፊት ቆመ።

«እመቤቴ» አላት። «ባለኬዋ እርስዎ ነዎት?»

ቨርኔል በእጇ የያዘችው ሻይ ጭኗ ላይ ፈሰሰ። ይህን ስም ከአንድ ሰው አፍ በቀር ሰምታው አታውቅም።

ወጣት ሳለች እዚሁ ከተማ በመኪና ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነበረች። መኪናው የመገጣጠሚያ መስመሩን ይዞ ፊቷ ሲደርስ ታየዋለች፤ ደህና ከሆነ ከሞተሩ ጀርባ ባለው በዚያ የብረት ግድግዳ ላይ በቢጫ የሰም እርሳስ «ኦኬ» ብላ ትጽፍበታለች። በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ናት። «አልፏል» ማለት ነው። ቨርኔል ስትቸኩል የኬዋን እግር አስረዝማ በኦዋ ሥር ትስበዋለች፤ ኬዋ ኦዋን ያዘለች ትመስላለች። አለቃዋ ስንቴ ተቆጣት፤ እጇ ግን እምቢ አለ። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ የመብራት ሽቦ የሚዘረጋ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። ፊቷን ሳያይ ጽሑፏን ለመደ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳንድዊቹን ይዞ መጣና «ባለኬዋ አንቺ ነሽ?» አላት። ሌላ ዓረፍተ ነገር እስኪጨምር ሳምንት ፈጀበት።

«ይህን ስም ማን ነገረዎት?» አለችው ቨርኔል።

«ተርማን ነዋ! ሌላ ማን ይነግረኛል?» ዊላርድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስንት ዓመት ግቢዬን ሲያምሰው ኖሮ አንድ ቀን አፈጠጥኩበት። አንተ ሰው፣ ምንድነው የምትፈልገው አልኩት። የሚስቴን እጅ ጽሑፍ ብሎ መለሰልኝ። እብድ መሰለኝ፣ አልዋሽዎትም። ከዚያ መስመር ከወጡት አብዛኞቹ ዝገው አልቀዋል። የተረፉትንም የሚያድሷቸው ሰዎች በአሸዋ ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ ጽሑፉን ድራሹን አጥፍተውታል። በመጨረሻ ጎተራ ውስጥ አይጥ የተራባበት አንድ አረንጓዴ አገኘንለት። ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ሲያበራ… እመቤቴ፣ ያ ሰውዬ ጭድ ላይ ዘፍ አለና ሳቀ። ስቆ ስቆ አለቀሰ። የእሷ ናት አለኝ።»

የካርቡሬተር ሙግተኞቹ ሳይቀሩ ወንበራቸውን ወደ ዊላርድ አዞሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ራሷ ከፍታ ታግኘው አለ። ቀድሜ ከነገርኳት ምኑን ስጦታ ሆነ አለኝ።» ዊላርድ ፊቷን አየና ከዘራውን አጥብቆ ያዘ። «እስካሁን አልከፈቱትም እንዴ?»

ቨርኔል ተነስታ፣ ትሪዎቹን አልፋ፣ እግሯ እንደ መራት ወደ ጋራዡ ሄደች። ከቀብሩ በፊት ያንን ጽሑፍ በዓይኗ ማየት ፈለገች፤ ከዚያ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ሃርላን እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ኮፈኑ ሥር ተቀርቅሮ ነበር። የተርማን የልብ ጓደኛ ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ ቤቱ የሄደው ሸሚዝ ለመቀየር ብቻ ነው።

«መጣሽ? ነይ እዪልኝ!» አላት። «ሙሽራ አስመስዬልሻለሁ።»

ቨርኔል ጎንበስ ብላ አየች። የብረቱ ግድግዳ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል። ምንም የለበትም። የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ የተሰጣው ጨርቅ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

«ሃርላን፣ እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም?»

«ነበር፣ አጠፋሁት።» ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «እኔና አንቺ ዘንድ ይቅርና፣ ያ ጽሑፍ የውሸት ነው። አዳሾች ሁሉ የፋብሪካ ምልክት ያስመስላሉ፤ ነውር የለውም። ግን ሲያስመስሉም በወጉ ነዋ! ኬዋ እግሯን ዘርግታ… የትኛው የፋብሪካ ሰው ነው እንደዚያ የሚጽፈው? ውድድር ላይ ስንቴ ነጥብ አስቀንሶበታል። አጥፋው ስለው ይስቅብኛል። ቅዳሜ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ኮፈኑን መክፈቱ አይቀርም። በቀብሩ ቀን ተርማን አስመሳይ ነበር ሲሉ ጆሮዬ እንዲሰማ አልፈለግኩም። ስሙን ላድንለት ብዬ ነው።»

«ምን አደረግህ አንተ ሰው!» ዊላርድ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። «የእሷ እጅ ነው እኮ! የሚስቱ እጅ ነው! ዕድሜውን የፈጀው እሱን ሲፈልግ ነው!»

ሃርላን መጀመሪያ አልገባውም። አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ቨርኔልን አየ። ሲገባው የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእርጥብ እጆቹ ሸፈነ። «ምነው እጄን በቆረጠው» አለ። «ቨርኔል፣ ምነው እጄን በቆረጠው!»

ቨርኔል ልትመታው ፈልጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር የመፍቻ ቁልፎቹ የተደረደሩበትን ጠረጴዛ አይታው ነበር። ግን እንባዋ ቀደማት። ከማክሰኞ ጀምሮ አላለቀሰችም፤ አሁን መኪናው ላይ ተደፍታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። «ክፈቺው ሲለኝ ኖረ» አለች። «ክፈቺው ሲለኝ ኖረ፤ እኔ እሱን ጥዬ ከብረት ጋር ተኳረፍኩ። አንድ ጊዜ ባየው ምን ነበር? አንድ ጊዜ!» ሮንዳ ሮጣ መጥታ ከኋላዋ አቀፈቻት።

ልቅሶው በረድ ሲልላት ሃርላን አሁንም ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ተነሳ በል» አለችው። «ስሙን ልትጠብቅለት ነው ያጠፋኸው። እኔ ደግሞ ጭራሽ አላየሁትም። ማን ማንን ሊቆጣ ነው?»

ዊላርድ ከደረት ኪሱ ቢጫ የሰም እርሳስ አወጣ። ዳኞች አይለያቸውም። «ይጻፉት» አላት። «የውድድሩ ሕግ ዳግም የተጻፈን ምልክት ቅጂ ይለዋል። ሕጉ ገደል ይግባ። እጁ ያው የእርስዎ ነው።»

«ጻፊው!» አለ ሃርላን፣ ከባልዲው ብድግ ብሎ። «እለምንሻለሁ ጻፊው። ማንም አያውቅም።»

ቨርኔል እርሳሱን ተቀበለች። ወደ ብረቱ ጠጋ አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ ቆየች። ከዚያ እጇን መለሰችው።

«ይሄ መኪና ያኔ አልፏል» አለች። «እኛ መስመር ላይ ያለፈ መኪና ሁለቴ አይጻፍበትም ነበር።» ኮፈኑን በሁለት እጇ ዘጋችው። እርሳሱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ዊላርድም ይመልሱልኝ አላላትም።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ውጭ ሃርላን መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ድምፁ በግድግዳው አልፎ ይሰማል። ዝማሬው አበቃ፣ ፓስተሩም ጸለዩ። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቤተሰቡ እንዲሰናበት ሲጠራ ቨርኔል የሮንዳን ክንድ ተደግፋ ወደ ሣጥኑ ቀረበች።

ሰው ሁሉ ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አንድ በአንድ ትመረምረው ጀመር። ክራቫቱን አየች፤ ትንሽ ዘንበል ብሏል፣ አቃናችው። የሸሚዙን ቁልፍ አየች። ጥፍሮቹን አየች፤ ከሥራቸው ያለው ጥቁር ቅባት በሕይወቱም ሳለ ወጥቶ አያውቅም፣ አሁንም አልወጣም። ግንባሩን በመዳፏ ዳበሰችው። የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ ሁለቴ ሰዓቱን አየ። ቨርኔል አልቸኮለችም።

ከዚያ ከቦርሳዋ ቢጫውን እርሳስ አወጣች። ክዳኑ ሲገጥም ከውስጥ በሚቀረው የሣጥኑ እንጨት ላይ፣ በራሱ በኩል፣ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

«እማዬ፣ ምን እየጻፍሽ ነው?» አለች ሮንዳ በሹክሹክታ።

«አልፏል» አለች ቨርኔል። የኬዋን እግር ቀስ አድርጋ በኦዋ ሥር እስከ ጫፍ ሳበችው።