ጓን ጎንግ አይናገርም

ሩይፈን የኦፔራ ቡድኑ መልበሻ ክፍል ስትደርስ አባቷ ቀዩን ቀለም ተቀብቶ ጨርሷል። አይ ዕድል! ሁለት ወንዝ ተሻግራ መጥታ በሩብ ሰዓት ተቀደመች። የጦር አምላኩን ጓን ጎንግን የሚጫወት ሰው ቀለሙ ፊቱን ከነካው ወዲያ ጨዋታው አልቆ እስኪጠርገው ድረስ ትንፍሽ አይልም። አባቷ ሻንግ ባይሊን ደግሞ ይህን ሕግ በአርባ ዓመት አንድ ቀን ጥሶ አያውቅም።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ።"

በመስተዋቱ አያት።

"ስምንት ዓመት ጠፍተሽ ዛሬ ትዝ አልንሽ?" አለች ልብስ አልባሿ እትዬ ኒዩ፣ አረንጓዴውን ካባ እያራገፈች። "በይ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ጠብቂ፤ ያኔ እንደ ልቡ ያወራሻል።"

"ጀልባዬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የኒንግቦ ከተማ ቡድን አንድ ቀን አምልጦኝ ስዘፍን ሰምቶ ዘፋኝ ሁኚልን ብሎኛል፤ ነገ ጠዋት ቁርጡን ልነግራቸው ይገባል።"

በአስራ ስድስት ዓመቷ አባቷ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ "ይህ ድምፅ ለመድረክ አይሆንም" ብሎ አክስቷ ዘንድ ሰደዳት። ከዚያ ወዲህ ሐር በሚፈተልበት ፋብሪካ ፍል ውሃ ውስጥ እጇን እየነከረች አንዲት ነገር ስታብሰለስል ኖረች። እንደሱ ያለ ጆሮ ያለው ሰው እንዴት ይሳሳታል? ካልተሳሳተስ ኒንግቦዎች ምን ሰምተው ነው?

ቀረብ ብላ ፊቱን አጤነች። "ግንባሩ ላይ ያቺ ጥቁር ጭረት ምንድን ናት?"

"ሆን ብሎ መልኩን የሚያበላሽባት ናት። አምላኩን ቁርጥ እንዳይመስል፣ በድፍረት እንዳይቆጠርበት ነው" አለች እትዬ ኒዩ።

ሩይፈን ጉሮሮዋን ጠረገችና ዘፈነች። ሁለት ስንኝ ብቻ። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

"ያኔ ለምን አይሆንም አልከኝ? ጻፍልኝ።"

"ከስሙ በቀር መቼ መጻፍ ያውቃል፣ የኔ ልጅ!" አለች እትዬ ኒዩ።

ሻንግ ባይሊን ድንገት ከጨዋታው በኋላ ቀለሙን የሚያስለቅቅበትን ቢጫ ወረቀት አንስቶ ፊቱን ይጠርግ ጀመር። የቡድኑ አለቃ ፓንግ በበሩ ብቅ ሲል ክው አለ። "ጋሽ ሻንግ! ከበሮው ተመታ እኮ! አበዱ እንዴ?"

"ይምቱት፣ ምን ቸገረኝ!" አለ አባቷ። ወደ ልጁ ዞረ። "ድምፅሽ እንከን አልነበረውም። ያኔም ከእኔ ይበልጥ ነበር። እናትሽ ከመንደር መንደር ስትዘፍን ኖራ ጋሪ ላይ ሞተችብኝ። አንቺንም መንገድ እንዳይበላብኝ ፈራሁና ዋሸሁሽ።"

"ስምንት ዓመት!" ጮኸች። "ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ማንጎራጎር ሳፍር!"

ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች። እሱ ግን ወረቀቱን ይዞ ጥግ ላይ ባለው የአምላኩ ምስል ፊት ተንበረከከ፤ አቃጠለው፤ ይቅርታ ለመነ። ተመልሶ ተቀመጠና ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረ።

"ሌላ የምትጠይቂኝ ካለ ቶሎ በይ።"

መቶ ጥያቄ ነበራት። አንዱ ቀድሞ አመለጣት።

"የእናቴ ድምፅ እንዴት ነበር?"

"አሁን ሰማሁት እኮ" አለና ቀዩን ብሩሽ ጉንጩ ላይ አሳረፈ።