ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ክላክስ

«ክላክስማ አድርጓል» አለ ጋጋሪው ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ። «ለምን እዋሻለሁ? አውቶቡሱ ከላይ ከዳገቱ ጀምሮ እየጮኸ ነው የወረደው። እኔ ምድጃው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዶን ኤቬሊዮ ግን ዞር እንኳ አላለም።»

«አንተ ደግሞ ለሹፌሩ ጠበቃ ቆምክ?» አለች አክስት ኦፌሊያ፣ የሟቹ እህት። «የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው በጠራራ ፀሐይ መንገድ መሻገር ያቅተዋል?»

«ዶኛ ኦፌሊያ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

ሉስዳሪ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። ለሟቹ የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ከተጀመረ ሦስተኛው ቀን ነው። ከካሊ ተሳፍራ ሜዴዪን የገባችው የአባቷ የግድግዳ መቃብር አፉ በጡብ ሊዘጋ ሲል ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሲንሾካሾኩባት ሰምታለች። «የገዛ አባቷ ሞቶ? ወይ ጉድ!»

እውነትም ደርቃለች። ኤቬሊዮ ሳልዳሪያጋ ሞተ ሲባል ከተማው ደንግጧል፤ እሷ ግን ከስምንት ወር በፊት ነበር በልቧ የቀበረችው።

ኤቬሊዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሁልጊዜ አመሻሹ ላይ፣ በሬዲዮ ሮክ አሰምቷል። ቦንብ በሚፈነዳባቸው ዓመታት ሰው በሩን ዘግቶ እሱን ያዳምጥ ነበር። የቦጎታ ሸክላ አሳታሚዎች ከማሳተማቸው በፊት ካሴታቸውን ይዘው እሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ የትኛው ዘፈን ይቅደም፣ የትኛው ይጣል የሚለውን ከእሱ አፍ ካልሰሙ አይመለሱም። ለጀማሪዎች ርኅራኄ አልነበረውም። «ሰባት ደቂቃ? ማንን ልትቀብሩበት ነው? ሦስት አድርጋችሁት ኑ» ይላቸዋል። ሉስዳሪ ትንሽ ሳለች እንቅልፍ እምቢ ካላት ጀርባዋ ላይ በሁለት ጣቱ የከበሮ ምት እየመታ ያስተኛት ነበር።

«አልሰማም» አለ አንድ ድምፅ።

ኑቢያ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ከኤቬሊዮ ጋር የሠራችው የስቱዲዮ ቴክኒሻን፣ ፓኔላ በሚሉት የሸንኮራ ስኳር የጣፈጠ ትኩስ ውሃ በብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ምኑን?» አለች ኦፌሊያ።

«ክላክሱን። መስማት አይችልም ነበር። ምንም። ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

መጀመሪያ የሳቀው ጊታሪስቱ ዊልማር ነው። «ኑቢያ፣ ተይ እንጂ፣ በሞተ ሰው አይቀለድም! ባለፈው ዓመት ልምምዳችን ላይ መጥቶ 'ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችሁ ይዘገያል' ያለን እሱ አይደል? እኛ ያልሰማነውን ሰምቶ?»

«አይቶ ነው። የእናንተ ቤዝ ተጫዋች ምት የሚቆጥረው በእግሩ ነው። እግሩ ከከበሮ መቺው እጅ ኋላ ይቀር ነበር።»

የዊልማር ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እኛ እኮ... በዚህ ምክንያት አባረርነው።»

ኑቢያ ትሪውን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ተናገረች። ኤቬሊዮ የድሮዎቹን ዘፈኖች ሰከንድ በሰከንድ በቃሉ ያውቃቸዋል። አዲስ ሲመጣ እሷ ትሰማና እሱ ይመረምራታል፦ ጊታሩ ከድምፁ ቀድሞ ይገባል? ከበሮው ደረቅ ነው? መጨረሻው ይቆረጣል ወይስ ይከስማል? ስቱዲዮ ውስጥ በመስታወቱ ማዶ በጣቷ ትቆጥርለታለች። እንግዳ ሲኖር እንግዳው የሚመልሰውን ጽፋ ታሳየዋለች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አላት ዊልማር።

«አስምሎኝ ነዋ! 'ጆሮ የሌለው ሰው ሙዚቃ ሊተነትን መጣ ብለው ይስቁብኛል፤ ከማይክራፎን ሌላ ምን አለኝ?' አለኝ።»

«እኔ አብሬው እየኖርኩ!» አለች ኦፌሊያ፣ ደረቷን ይዛ። «ስጠራው ዝም ሲለኝ ንቆኝ ነበር የመሰለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሚንቀኝ አዲስ አልሆነብኝም።»

ሉስዳሪ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ስልክስ?» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ስደውልለትስ?»

ኑቢያ ዓይኗን ሰበረች። «እሁድ እሁድ እንደምትደውይ ያውቅ ነበር። እትዬ ኦፌሊያ 'ልጅህ ናት' ብለው ሲያቀብሉት ደህና ነኝ፣ ጥሩ ነው፣ እሰይ ይልሻል። 'ዝም ካልኩ ትነቃብኛለች' ይል ነበር።»

ከስምንት ወር በፊት በአንዱ እሁድ ሉስዳሪ የደወለችው ከሆስፒታል ኮሪደር ነበር። ገና ለባሏ እንኳ አልነገረችም። «አባዬ፣ ልጄ ሞታብኛለች። አምስት ወር ሆኗት ነበር፤ ሆዴ ውስጥ ነው የሞተችው» አለችው። እሱ ያንን የሬዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እሰይ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ! በጣም ነው ደስ ያለኝ!» አላት። መነጋገሪያውን እንዴት እንደወረወረችው አታስታውስም። ዳግመኛ አልደወለችም፤ አባቷ ያላትንም ለማንም አልተናገረችም።

ኑቢያ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አውጥታ ሉስዳሪ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። የፋብሪካ ሠራተኞች የጆሮ መከለያ ነው፤ ቅስቱ ተቆርጦ፣ በሽቦ ታስሮ፣ የሕፃን ጭንቅላት እንዲያክል ተደርጓል።

«ማርገዝሽን ከደብዳቤሽ ካወቀ በኋላ በእጁ ነው የሠራው። 'የልጅ ልጄን ኮንሰርት ስወስደው ጆሮው እንደኔ አይሆንም' እያለ። ስልክሽ ቀርቶ ወሩ ሲደርስ፣ 'አንድ ነገር ነግራኝ ይሆናል፣ ያልሰማኋት እኔ ነኝ' አለኝ። ልደውልላት ስለው እምቢ አለ። 'መደንቆሬን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባትም፤ ለገና ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ።'»

ሉስዳሪ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባ አልመጣም፤ አፏ ብቻ ተከፍቶ ቀረ።

ወሬው በማግስቱ ከተማውን አዳረሰ። በአምስተኛው ቀን አንድ የኤቬሊዮ የሬዲዮ ባልደረባ ሊያለቅስ መጥቶ፣ «ለካ ሦስት ዓመት ሲያታልለን ነበር» ብሎ ሲያጉረመርም ኦፌሊያ ሰማችው። «አንተ ሁለት ጆሮ ይዘህ ምን ሰማህ?» ብላ በሩን አሳየችው። በስድስተኛው ቀን ዊልማር ያባረሩትን ቤዝ ተጫዋች ይዞ መጣ። ሁለቱም በጥቁር ካናቴራቸው ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ ጸሎቱን እየተሳሳቱ ደገሙ። ሉስዳሪ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ሲኒ ታጥባለች፤ ሰው ሲያናግራት ግን ሁለቴ ካልተጠራች አትመልስም።

በዘጠነኛው ቀን፣ የመጨረሻው ጸሎት ካለቀ በኋላ፣ ከኑቢያ ጋር ወደ መቃብሩ ሄዱ። እብነ በረዱ አልደረሰም። ግድግዳው ላይ በተለሰነው ነጭ ኖራ ግንበኛው በማንኪያው ጫፍ ስሙን ብቻ ጭሮበታል። ሰማዩ ጠቁሯል።

ሉስዳሪ ተጠጋች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ወደ ኑቢያ ዞረች።

«መጻፊያ ይዘሻል?» አለች።

ኑቢያ ካሴት ላይ የምትጽፍበትን ወፍራም ማርከር ሰጠቻት። ሉስዳሪ ተንበርክካ፣ ከስሙ ሥር፣ አንድ በአንድ፣ በትልልቁ ጻፈች፦

አባዬ፣ ሳሎሜ ነበር ያልኳት። አልተወለደችም።

ማካፋት ጀመረ። ኑቢያ ክንዷን ይዛ «እንሂድ» ብትላትም አልተነሳችም። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ሁለት መዳፏን ከጽሑፉ በላይ ዘርግታ ከለለችው።